የወልድያ ወሬ ነጋሪዎች

በ1965 ዓ.ም. ከደሴ ተነስቶ በውርጌሳ፣ በመርሳና በሲሪንቃ በኩል ወልድያ የሚገባው አውራ ጎዳና ግራና ቀኙን ሰው ሞልቶት ነበር። ዝናብ የከዳቸው ገበሬዎች ከየቀዬአቸው ወርደው፣ ልጆቻቸውን አቅፈው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። መንገድ ዳር እህል የለም። መኪና ግን ያልፋል። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ያያል፣ ያየ ሰው ለመንግሥት ይናገራል፣ መንግሥት ከሰማ ደግሞ ዝም አይልም የሚል ተስፋ ነበራቸው።

መንግሥት ሰምቶ ዝም አለ። ሹማምንቱ የረሃቡን ወሬ አድበሰበሱት፤ የአገር ውስጥ ጋዜጦችም አልጻፉትም። ከሺህ የሚበልጡ የወሎ ገበሬዎች አቤት ለማለት በእግራቸው አዲስ አበባ ድረስ ቢጓዙ ፖሊስ ከከተማዋ መግቢያ መለሳቸው። በመጨረሻ ወሬ ነጋሪ የሆኑት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የወረዱ መምህራን ናቸው። ያነሱትን ፎቶግራፍ አምጥተው ግቢው ውስጥ ለተማሪው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ የቀረጸው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቆራኝቶ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ነው። በማግስቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ዐሥር ዓመት ቆይቶ ታሪኩ ተደገመ። ንጉሡን የተካው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም ሕዝብ እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ያዘጋጁት ዘገባ ለዓለም ታየ። ዓለም የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ድሮ ገዥ የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲሻ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ያስጠይቅ ነበር። እረኛ ከብቱን እየነዳ የሚያንጎራጉረው ግጥም የአገሩ ብሶት ነውና። በሁለቱ የረሃብ ዘመናት የወሎን ብሶት ለዓለም ያደረሰው ካሜራ ግን በእንግዳ እጅ የተያዘ ነበር። የራቡት ሰዎች ለራሳቸው የሚናገሩበት መንገድ አልነበራቸውም። ከመርሳ ወይም ከቆቦ የተነሳ ቃል ወይ በሹም በኩል ያልፋል፣ ወይ እዚያው ይቀራል።

ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ የነበረው የኢሜይል ልውውጥ በአብዛኛው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል የሚያልፍ ነበር። መስመሩ የአንድ የመንግሥት ድርጅት፣ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ሀብት ነበረና የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። ይህ አንድ ነገር ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ መሠረት ሆነ።

መጀመሪያ የተጠቀሙበት በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ኢትዮሚዲያ፣ ኢትዮጵያን ሪቪው፣ ናዝሬት ዶት ኮም የሚባሉ ድረ ገጾች በአገር ውስጥ ሊታተም የማይችለውን ያትሙ ጀመር። ጽሑፉ አዲስ አበባ ውስጥ ይታተማል፣ በፎቶ ኮፒ ይባዛል፣ በአውቶቡስ ወደ ክፍለ ሀገር ይወርዳል። ወልድያና መርሳ ከአዲስ አበባ መቀሌ በሚወስደው መስመር ላይ ያሉ ከተሞች በመሆናቸው ሾፌርና ተሳፋሪ ይዞት የመጣውን ወረቀትም ወሬም ቀድመው ያገኙ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሞባይል ስልክ ገና የጥቂቶች ነበር። ጥቂትም ቢሆን ግን በቃ። የተቃዋሚው የቅንጅት ደጋፊዎች ሰልፍ የሚጠሩትና ውጤት የሚለዋወጡት በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር። ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ፤ ከምርጫው በኋላ አለመግባባቱ ሲካረር የጽሑፍ መልእክት አገልግሎቱ ተዘጋ። የተከፈተው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተደረጉ ተቃውሞዎች 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ሁኔታውን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን አረጋገጠ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ድረ ገጾችና ጦማሮች ከአገር ውስጥ አልከፈት አሉ። ማገጃ ማለፊያ ፕሮክሲ የሚባለው ነገር በየኢንተርኔት ካፌው የታወቀው በዚያ ሰሞን ነው።

በ2003 ዓ.ም. ከሰሜን አፍሪካ ሌላ ወሬ መጣ። በቱኒዚያዋ ሲዲ ቡዚድ ከተማ በጋሪ ፍራፍሬ ሲሸጥ የኖረ መሐመድ ቡአዚዚ የተባለ ወጣት፣ ሚዛኑና ሸቀጡ ሲወሰድበት አቤት ቢል የሚሰማው አጥቶ በራሱ ላይ እሳት ለኮሰ። የተከተለውን ተቃውሞ የከተማው ሰዎች በስልክ ቀርጸው በፌስቡክ አሰራጩት። ወር ሳይሞላ ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ሸሹ። ግብጽ ተከተለች፤ የሙባረክ መንግሥት ጥር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. የአገሪቱን ኢንተርኔት ለአምስት ቀን ዘጋ፤ ሰው ግን አደባባይ ወጣ እንጂ አልቀረም። መርሳ ላይ ፓፓያና ብርቱካን መንገድ ዳር ደርድረው አውቶቡስ ለሚጠብቁ ወጣቶች የቡአዚዚ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ አይመስልም።

በኢትዮጵያ ግን በዚያው ዓመት «በቃ» በሚል ቃል በፌስቡክ ለግንቦት 20 የተጠራው ሰልፍ አልተሳካም። ሕዝቡ ብሶት አጥቶ አልነበረም፤ ስልክ ላይ የተጻፈ ጥሪ ብቻውን የተደራጀ ሰው ሊተካ አልቻለም። ይህን ትምህርት ከሁሉ ቀድመው በተግባር ያዋሉት የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ወጣቶች ናቸው።

በ2004 ዓ.ም. ከአዲስ አበባው አወሊያ ትምህርት ቤት የተነሳው የሃይማኖት ነፃነት ጥያቄ «ድምፃችን ይሰማ» በሚል የፌስቡክ ገጽ ይመራ ጀመር። ገጹ ሳምንቱን ሙሉ ዝርዝር መመሪያ ይሰጣል፤ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደግሞ በየከተማው ያሉ ምዕመናን በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያሉ። አንዳንዴ ነጭ ጨርቅ፣ አንዳንዴ ቢጫ ወረቀት፣ አንዳንዴም ዝምታ። ስልክ የሌለው ሰው መመሪያውን ከመስጊድ ጓደኛው ይሰማል። ስክሪኑና መስጊዱ ተጋገዙ። በሐምሌ 2004 የኮሚቴው አባላት ታሰሩ፤ ገጹ ግን ሥራውን ቀጠለ። እንቅስቃሴው በወሎ ሥር የሰደደ ነበር፤ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በደቡብ ወሎዋ ገርባ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ።

በዚያው በ2004 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች ዞን 9ን መሠረቱ። ቃሊቲ ወህኒ ቤት ስምንት ዞኖች ነበሩት፤ ዘጠነኛው ዞን ከግንቡ ውጪ ያለው አገር ነው ማለታቸው ነበር። «ስለሚያገባን እንጦምራለን» አሉ። የጻፉት ስለ ሕገ መንግሥቱና ስለ ዜጋ መብት ነው። ሚያዝያ 17 ቀን 2006 ዓ.ም. እና በማግስቱ ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በፀረ ሽብር ሕግ ሲከሰሱ በማስረጃነት ከቀረበባቸው አንዱ መልእክትን በምስጢር ለመጠበቅ የሚያስችል ሥልጠና መውሰዳቸው ነው። አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩት ከሽብር ክሱ ነፃ የሆኑት በጥቅምት 2008 ነው።

መርሳ ላለችበት ለሀብሩ ወረዳ ሰው ግን ኢንተርኔት ማለት ከሁሉ በፊት ጅዳ ነው፣ ሪያድ ነው፣ ቤይሩት ነው።

ከመርሳ፣ ከጊራና፣ ከውርጌሳና ከገጠሩ ቀበሌዎች ብዙ ልጆች የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ከጅቡቲ በጀልባ የመን ተሻግረው ሳዑዲ ይገባሉ። የእናት ስልክ ላይ ኢሞ የተባለውን የቪዲዮ መደወያ የሚጭንላት የሰፈር ልጅ ነው። ማታ መስመሩ ሲቀል ልጅቷ ትደውላለች፤ እናት ስልኩን ወደ ጆሮዋ ስታስጠጋው «እማዬ፣ ፊትሽን አሳይኝ እንጂ!» ትላታለች። ስለ ደመወዟ፣ ስለ አሠሪዋ፣ ስለ ፖሊሱ አሰሳ ቤተሰቡ የሚሰማው በዚያች ስክሪን ነው። ኤምባሲ ከማወቁ በፊት ጎረቤት ያውቃል።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታባርር በሪያድ ኢትዮጵያውያን ሲደበደቡ የሚያሳዩ ምስሎች በስልክ እየተቀረጹ ወጡ። በቀናት ውስጥ በትዊተርና በፌስቡክ የተጠራሩ ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተን፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች የሳዑዲ ኤምባሲዎች ደጃፍ ተሰለፉ። አዲስ አበባ ላይ ኅዳር 6 የተጠራውን ሰልፍ ፖሊስ በተነው። በዚያ ወቅት ከ160 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩ፣ በነሐሴ 2012 ዓ.ም.፣ በሳዑዲ የስደተኛ ማጎሪያ ውስጥ ያሉ ወጣቶች ደብቀው ባስገቡት ስልክ ያነሱትን ፎቶግራፍ ላኩ፤ የእንግሊዙ ቴሌግራፍ ጋዜጣም አወጣው። በሙቀት ታፍነው፣ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን ተጠጋግተው የተኙ ሰዎች ምስል ነው። በ1965 መንገድ ዳር የተቀመጠው ገበሬ ካሜራ የያዘ እንግዳ ይጠብቅ ነበር። እነዚህ ወጣቶች ማጎሪያ ውስጥ ሆነው ካሜራውን በራሳቸው እጅ ያዙ።

በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ የተቀጣጠለው ተቃውሞ ክረምት ላይ ወደ አማራ ክልል ተሻገረ። ሐምሌ 24 ጎንደር ላይ በመቶ ሺዎች የተገመተ ሕዝብ ወጣ፤ ነሐሴ 1 ቀን ባሕር ዳር ላይ በሰልፈኞች ላይ ተተኮሰ፤ በዚያ ቅዳሜና እሑድ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋረጠ። መስከረም 29 ቀን 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ዳታ ለሁለት ወር ያህል ጠፋ፤ ከውጭ አገር የሚያሰራጩትን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ኢሳትንና ኦ.ኤም.ኤንን ማየት በመመሪያ ተከለከለ።

የወልድያ ተራ በጥር 2010 መጣ። ከተማዋ ከአንድ ዓመት በፊት ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም አስመርቃ ነበር። ኅዳር 24 ወልድያና መቀሌ ከተማ ሊጫወቱበት የነበረው ግጥሚያ በደጋፊዎች ግጭት ተሰረዘ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። የዚያ ቀን ቁጣ ሳይበርድ ጥምቀት ደረሰ።

ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ ሚካኤል የሚገባበት ቀን። ወጣቱ ታቦት አጅቦ እየዘፈነ ይሄዳል፤ የዘፈኑ ግጥም ስለ መንግሥት ነበር። በድሮው አነጋገር እረኛው ተናገረ። የጸጥታ ኃይሎች ዘፈኑን ለማስቆም ሞከሩ፣ ከዚያም ተኩስ ተከፈተ። ቢያንስ ሰባት ሰዎች መሞታቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት አስታወቀ። በነጭ ልብስ የወጣ ምዕመን ከጥይት ሲሸሽ የሚያሳየው የስልክ ቪዲዮ ብዙም ሳይቆይ ዋሽንግተን ደርሶ ነበር። በ1965 የወልድያ ወሬ ለንደን ለመድረስ ወራት ፈጅቶበታል።

ፍጥነቱ ሐዘኑን ብቻ አላዳረሰም። በወልድያ መንገድ ተዘጋ፣ ንብረት ተቃጠለ፤ በጥምቀቱ ግድያ እጃቸው የሌለበት የትግራይ ተወላጆች ንብረትም የጥቃት ዒላማ ሆነ። በቀናት ልዩነት በቆቦ፣ ቀጥሎም በመርሳ ተቃውሞና ግድያ ሆነ። መርሳ ላይ ወጣቱ ሲወጣ የወልድያውን ወሬ ያልሰማ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 8፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን መልቀቃቸውን አሳወቁ። መጋቢት 24 ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ለውጡን ያመጣው ፌስቡክ ብቻ አይደለም፤ በየከተማው የሞቱት፣ የታሰሩት፣ ሱቅ የዘጉት ሰዎች ናቸው። ይሁንና የኦሮሚያውና የአማራው ተቃውሞ እርስ በርሱ የተደማመጠው፣ ጎንደር ላይ ለኦሮሞ ወጣቶች አጋርነት የተያዘው መፈክር ኦሮሚያ የታየው በስልክ ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ታግደው የነበሩ ድረ ገጾችና ጣቢያዎች ተከፈቱ። ጦማሪዎቹ በነፃነት ጻፉ፤ ስደተኛ ጋዜጠኞች ተመለሱ።

ነፃነቱ በእጅ ሳይገባ ሌላ ፈተና ተከተለ። ወሬ ነጋሪው በዝቶ ወሬ አጣሪው ጠፋ። ሐሰተኛ ፎቶ፣ የአንዱን ብሔር ስም እያነሳ የሚያነሳሳ ጽሑፍ፣ ከውጭ አገር ሆኖ «ቁረጥ፣ ፍለጥ» የሚል የቀጥታ ስርጭት ተስፋፋ። በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፎቶግራፋቸው፣ መኖሪያቸውና ብሔራቸው በፌስቡክ ተለጥፎ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፉ እንዲነሳ ደጋግሞ ለኩባንያው ማመልከቱን ገልጾ፣ በ2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። አማርኛ የሚያነብ፣ አገሩን የሚያውቅ በቂ ተቆጣጣሪ አልመደባችሁም ነው የክሱ ፍሬ ነገር።

በትግራይ የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ጨለማ ይዞ መጣ። ትግራይ ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከስልክና ከኢንተርኔት ተቆረጠች፤ እናቶች የልጆቻቸውን መሞትና መኖር ሳያውቁ ዓመት አለፈ። በነሐሴ 2013 የሕወሓት ኃይሎች ወልድያንና መርሳን ሲይዙ ያው ጨለማ ሰሜን ወሎን ዋጠ። ጳጉሜ 4 ቀን ቆቦ ላይ ሲቪሎች ተረሸኑ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በኅዳር 2014 መጨረሻ ሲዘግብ 23 ሰዎች መገደላቸውን ምስክሮችን ጠቅሶ አስታወቀ፤ ድርጅቱ ያጣራው ዝርዝር ለዓለም የደረሰው ከሦስት ወር በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የቆቦን ወሬ ይዞ የወጣው በእግሩ የተሰደደ ሰው ነው። እሱ በመጣበት ጎዳና አያቱ በ1965 ተቀምጠው ሊሆን ይችላል።

ወልድያ በታኅሣሥ 2014 ነፃ ስትወጣ መስመሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሀብሩ ውስጥ ጃራ በሚባለው መጠለያ ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች ሰፍረው ነበር። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲገደሉ፣ ወለጋ ዘመድ የቀረው ተፈናቃይ መርዶውን የሚጠብቀው በስልክ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. መዝጋቱ ተደጋገመ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በተፈጠረው ቀውስ ምዕመኑ ጥቁር ለብሶ ሲወጣ ከየካቲት 2 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ፤ እገዳው እስከ ሐምሌ ቆየ። ቪ.ፒ.ኤን. የማያውቅ ወጣት አልቀረም። መጋቢት መጨረሻ ላይ የክልል ልዩ ኃይል እንዲፈርስ መወሰኑን በመቃወም በቆቦ፣ በወልድያና በሌሎች ከተሞች ሰው ወጣ። በአማራ ክልል ውጊያ ተቀስቅሶ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ዳታ በክልሉ ተቋረጠ፤ ለአንድ ዓመት ያህልም አልተመለሰም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ለማንኛውም ሰው መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነት ይሰጣል። በዚያ ዓመት ግን የክልሉ ሰው ስለ ራሱ ሰፈር ለማወቅ አዲስ አበባ ያለ ዘመዱን በድምፅ ጥሪ ይጠይቅ ነበር። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰሜን ጎጃም መርዓዊ ከተማ ሲቪሎች ተገደሉ። ቢያንስ 45 ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በይፋ ያሳወቀው ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ዳታው የተዘጋው ተቃዋሚው እንዳይደራጅ ከሆነ፣ የክልሉ ውጊያ ሳይቆም ዓመቱ አለፈ። የተቋረጠው የነጋዴው የቴሌብር መክፈያ መተግበሪያ፣ የተማሪው ትምህርት፣ የሀብሩዋ እናት ኢሞ ነበር። ቢሮ የተቀመጠው ባለሥልጣንም እረኛው የሚለውን መስማት አልቻለም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በክልሉ አንዳንድ ከተሞች ዳታ ሲለቀቅ ስልኮች ሳያቋርጡ ይንጫጩ ጀመር። የዓመት ሙሉ መልእክት በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ከጅዳ የተላከ ድምፅ፣ ያላዩት ሠርግ፣ ተወልዶ መራመድ የጀመረ ሕፃን፣ ማንም ሳያረዳቸው የቆየ መርዶ። ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው አንገታቸውን ደፍተው፣ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ እየከፈቱ ያነባሉ።